ቪዛው የሚያበቃበት ቀን የመውጫ ቀን አይደለም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለችኝ። ሥራዬ ማተም፣ ማባዛት፣ ስካን ማድረግና ፎርም መሙላት ነው። ወሎ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የኤምባሲ ወረቀት ያልገባበት ሳምንት የለም። እኔም ጀርመን ያለችውን እህቴን በአጭር ጊዜ ቪዛ ሄጄ ጠይቄያለሁ። አክስቴ ደግሞ የአሜሪካ ፓስፖርት አላቸው። ደሴ ይቀመጣሉ፣ ስዊድን ያሉ ልጆቻቸውንም እየተመላለሱ ያያሉ። የሳቸውን ቀን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

ከዚህ ሁሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው ቪዛ ለማግኘት የሚደክመውን ያህል፣ ካገኘው በኋላ ስንት ቀን መቀመጥ እንደሚችል ለማወቅ አይደክምም። ቪዛው ሲወጣ እልልታ ነው። ፎቶ ተነስቶ በኢሞ ለዘመድ ይላካል። ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ የሚጨርስ ግን ጥቂት ነው። ችግሩ ደግሞ የሚመጣው ያኔ አይደለም። የሚመጣው መመለሻ ላይ፣ ወይም በሌላ ዓመት እንደገና ሲጠየቅ ነው።

የምጽፈው በዋናነት ስለ ሸንገን ነው፤ ብዙ የሚያደናግረው እሱ ስለሆነ። የምጠቅሳቸው ቀኖችም የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሸንገን የሚባሉት እርስ በርስ ባላቸው ድንበር ላይ መደበኛ የፓስፖርት ቁጥጥር ያስቀሩ 29 የአውሮፓ አገሮች ናቸው። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ስዊድን ውስጡ አሉ። ኖርዌይና ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳይሆኑ እዚህ አሉበት። አየርላንድ አባል ሆና የለችበትም። እንግሊዝም የለችበትም። ክሮሺያ በ2023 ገብታለች፤ ቡልጋሪያና ሮማኒያ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ሙሉ በሙሉ ተቀላቅለዋል። ስለዚህ የቆየ መረጃ ይዞ «ቡልጋሪያ ሄጄ ቀኔን አሳልፋለሁ» የሚል ሰው ካለ፣ ያ ነገር ቀርቷል።

ለቀን ቆጠራ 29ኙም አንድ አገር ናቸው። ጀርመን 20 ቀን፣ ጣሊያን 20 ቀን ከተቀመጣችሁ 40 ቀን ተቀምጣችኋል። ድንበር ስለተሻገራችሁ ቆጠራው ከዜሮ አይጀምርም።

አሁን ወደ ቪዛው እንምጣ። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አውጡና እዩት። ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚገልጽ መስመር አለ። ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል የሚጻፍበት ቦታ አለ። ከዚያ «ዱሬሽን ኦፍ ስቴይ»፣ የመቆያ ጊዜ ማለት ነው፣ የሚል፣ የቀን ቁጥር የሰፈረበት ቦታ አለ። የሁሉም ሰው ዓይን የሚያርፈው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ስንት ቀን እንደምትቀመጡ የሚወስነው ግን የቀን ቁጥሩ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቪዛው ከጁን 1 እስከ ጁላይ 15 ያገለግላል ይላል እንበል። የቀን ቁጥሩ ደግሞ 30 ነው። ከጁን 1 እስከ ጁላይ 15 ስትቆጥሩት 45 ቀን ነው። 30 ቀን የተፈቀደለት ሰው 45 ቀን የሚያገለግል ቪዛ ለምን ተሰጠው? ምክንያቱም ኤምባሲዎቹ ከተፈቀደው ቀን ላይ 15 ቀን መፈናፈኛ እንዲጨምሩ የቪዛ ደንቡ ስለሚል ነው። በረራ ቢቀየር፣ ሰው ቢታመም፣ ጉዞው በጥቂት ቀን ቢገፋ እንዳይበላሽ ታስቦ ነው። ለመቆያ የተጨመረ ቀን አይደለም።

ስለዚህ ይህ ሰው ጁን 1 ከገባ እስከ ጁን 30 መውጣት አለበት። ጁን 10 ከገባ እስከ ጁላይ 9። ዘግይቶ ጁላይ 1 ከገባ ደግሞ 30 ቀኑን አይጨርስም፤ ጁላይ 15 ላይ ቪዛው ራሱ ስለሚያበቃ ያለችው 15 ቀን ብቻ ናት። ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው ይይዛል። በቃ ይሄው ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛዬ የእናቱን ትኬት ሊያሳትም መጣ። እናቱ ልጃቸውን ለማየት ነው የሚሄዱት፤ ሲሄዱም የመጀመሪያቸው ነው። ቪዛቸው 30 ቀን ይላል። የመመለሻው ትኬት ግን ቪዛው በሚያበቃበት ቀን ተቆርጧል። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ዓይኔ ገባበት።

«ወንድሜ፣ ይሄን ትኬት ማን ቆረጠልህ?»

«ጉዳዩን የጨረሰልን ሰው ነው። እስከዚህ ቀን ይቀመጣሉ አለን።»

«30 የሚለውንስ ምን አለው?»

«አብሽር፣ እሱ ለመግቢያ ነው ብሎናል።»

ለመግቢያ የሚባል 30 የለም። አንድ ላይ ቁጭ ብለን በጣታችን ቆጠርነው። እናትየው ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ፈቃድ ሊቀመጡ ነበር። ልጁ የቅያሪ ከፍሎ ትኬቱን አስተካከለ። ደላላው ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ ምን ይደረግ።

ሌላው ነገር የቀን አቆጣጠሩ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው አዳር ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ቀን ነው፤ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ይቆጠራል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ፓስፖርት ቁጥጥሩን ብታልፉ፣ ለእኩለ ሌሊት 20 ደቂቃ ቀርቶት እያለ፣ ያቺ 20 ደቂቃ አንድ ሙሉ ቀን ናት። ስትወጡም ያው ነው። 15 ቀን የተፈቀደለት ሰው በወሩ 1 ገብቶ በ16 ሊመለስ ትኬት ይቆርጣል። 15 አዳር ነው፤ በነሱ ግን 16 ቀን ነው። መውጫው በ15 መሆን አለበት።

የሌሊት በረራ ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ትኬት ላይ 00:15 የሚል ሰዓት ስታዩ ቀኑ ተቀይሯል። እኛ «ሐሙስ ማታ ነው የምበረው» እንላለን፤ ትኬቱ ላይ ግን አርብ ነው። ከቦሌ ስትነሱ ይሄ አያሳስብም። ቆጠራው የሚጀምረው እዚያ ደርሳችሁ የመጀመሪያው የሸንገን አገር ፓስፖርታችሁን ሲያይ ነው። ስትመለሱ ግን በመጨረሻው ቀናችሁ እኩለ ሌሊት የሚያልፍ በረራ አትቁረጡ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን አስቀሩ። የአውሮፓ አየር ማረፊያ የሥራ ማቆም አድማ ያውቃል፣ በረዶም ያውቃል።

በአንድ የሸንገን አገር አልፋችሁ ወደ ሌላው የምትሄዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ በፍራንክፈርት አድርጋችሁ ስቶክሆልም፣ የምትገቡት ፍራንክፈርት ላይ ነው። ምዝገባውም ቆጠራውም የሚጀምረው እዚያው ነው። ስቶክሆልም ስትደርሱ ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ። በተቃራኒው በሸንገን አየር ማረፊያ አልፋችሁ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱም አላችሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ እንኳ አውሮፕላን ለመቀየር የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ ይህ ከሚመለከታቸው 12 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ነጻ የሚያደርጉ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ሸንገን ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው። ርካሽ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አጣሩ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን፤ የኛ የቀን መቁጠሪያ።

90 ቀን ሲባል ሰው ሁሉ ሦስት ወር ብሎ ይተረጉመዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ይሄ ልክ አይደለም። ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ሦስት ወር ነው፤ ቀኑ ግን 92 ነው። ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ደግሞ 89 ነው፤ ፌብሩዋሪ 29 ሲሆን 90 ይሆናል። በኛ አቆጣጠር ግን ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ሦስት ወር እቅጩን 90 ነው። መስከረም 1 የገባ ሰው ኅዳር 30 ላይ 90ኛ ቀኑን ይይዛል። ጣት አያስፈልግም፣ ካልኩሌተር አያስፈልግም። ለዚህ ለዚህ የኛ መቁጠሪያ የሚያህል የለም። እኔ ቀን ስቆጥር መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ እቀይረዋለሁ፣ እዚያው እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ወደ ፈረንጅ እመልሰዋለሁ።

ወጥመዱ ጳጉሜን ናት። በክረምት የሚሄድ ሰው ይብዛም ይነስ ያገኛታል። ሐምሌ 15 ገብቶ ጥቅምት 14 የሚወጣ ሰው «ሦስት ወሬ ነው» ይላል። ሐምሌ 16 ቀን፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 14 ስትደምሩት 95 ይመጣል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 96። አዲስ ዓመትን ከልጅ ጋር ላክብር ብሎ የሄደ ወላጅ የሚያዝባት ቀን ይቺ ናት።

ፎርም ላይ ግን ሁልጊዜ የፈረንጁን ጻፉ። ቀኑን የኛን፣ ዓመቱን የነሱን እያደባለቁ የሚጽፉ ሰዎች ይገጥሙኛል። ወረቀቱ እርስ በርሱ ሲጣላ የሚያየው ሰው ሌላ ነገር ያስባል።

እስካሁን ያልኩት አንድ ጊዜ ገብቶ ለሚወጣ ሰው ነው። እየተመላለሰ ለሚገባ ሰው ሌላ ሕግ ይመጣል፤ 90 ቀን በ180 ቀን ውስጥ። ይህ ሕግ ቪዛ የማያስፈልጋቸውንም ይይዛል። አክስቴ መጀመሪያ አላመኑኝም።

«አንተ ልጅ፣ ባለ ሰማያዊ ፓስፖርት ነኝ እኮ። ማን ይጠይቀኛል?»

«እትዬ፣ ሰማያዊውም ይቆጠራል።»

የአሜሪካ ዜጋ ለአጭር ጉብኝት የሸንገን ቪዛ አያስፈልገውም። ከ90 ቀን በላይ ግን መቀመጥ አይችልም። ሰው የሚሳሳተው 180ው ከየት እንደሚጀምር ላይ ነው። አንዱ ከጃንዋሪ 1 ይጀምራል ይላል። ሌላው መጀመሪያ ከገባሁበት ቀን ይላል። ሌላው ደግሞ ለሁለት ቀን ለንደን ወይም ኢስታንቡል ወጥቶ መመለስ ሁሉን ያድሰዋል ይላል። ሦስቱም ልክ አይደሉም።

180ው ከኋላችሁ የምትጎትቱት ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ዛሬ ላይ እጃችሁ ውስጥ ነው። ሌላው ጫፍ ዛሬን ጨምሮ 180 ቀን ወደ ኋላ ነው። እናንተ አንድ ቀን ስትራመዱ ጭራውም አንድ ቀን ይራመዳል። ሸንገን ውስጥ በምትገኙበት በእያንዳንዱ ቀን ጥያቄው አንድ ነው፤ በዚህ ገመድ ርዝመት ውስጥ ሸንገን የዋላችሁበት ቀን ዛሬን ጨምሮ ስንት ነው? ከ90 ካልበለጠ ሰላም ነው። 91 ከሆነ አለፈ። ገመዱ ያለፈው ቀን ደግሞ ከሒሳብ ይወጣል።

የአክስቴን ሒሳብ የሠራነው ቡና ላይ ነው። አቦሉ እየተቀዳ እኔ የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ መስመር አሰመርኩ። አክስቴ ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 29 ስዊድን ነበሩ። ማርች 31 ቀን፣ ኤፕሪል 29 ቀን፤ 60 ቀን ሆነ። ከዚያ ደሴ መጡ። ልጆቻቸው ለጁላይ 1 ርካሽ ትኬት አግኝተው ሁለት ወር እንዲቀመጡ ፈልገዋል።

ጁላይ 1 ላይ ቆመን 180 ቀን ወደ ኋላ ስናይ ያ 60 ቀን ሙሉ በሙሉ ገመዱ ውስጥ ነው። የቀራቸው 30 ነው። እስከ ጁላይ 30 ይቀመጣሉ። ጁላይ 31 ላይ 91 ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ከማርቹ ቀን አንዱም አልወጣም። ሁለት ወር የሚባል ነገር የለም።

ማርች 1 ከሒሳብ የሚወጣው መቼ ነው? ኦገስት 28 ላይ ነው። ይሄን ካወቅን በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጁላይ 28 ቢገቡስ? 30 ቀናቸው ኦገስት 26 ያልቃል። ኦገስት 27 ላይ ማርች 1 ገና ስላልወጣ 91 ይሆናል። ስለዚህ ያላቸው 30 ቀን ብቻ ነው። ጁላይ 29 ቢገቡስ? 30 ቀናቸው ኦገስት 27 ያልቃል። በማግስቱ ኦገስት 28 ማርች 1 ይወጣል፤ አዲስ ቀን ሲጨመር አሮጌ ቀን ይቀነሳል። በማግስቱ ማርች 2 ይወጣል። እንዲህ እያለ ድምሩ 90 ላይ ቆሞ ይቀጥላል። እስከ ኦክቶበር 26 መቀመጥ ይችላሉ። ሙሉ 90 ቀን ማለት ነው።

ልብ በሉ። በአንድ ቀን ልዩነት 30 ቀን 90 ሆነ። አክስቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ይሄ ቁማር ነው» አሉ። ቁማር አይደለም፣ ሒሳብ ነው፤ ግን አልተከራከርኳቸውም። ጥግ ላይ እንዳንቆም ኦገስት 1 እንዲገቡ ተስማማን። ከዚያ ቀን ከገቡ ድምራቸው 87 ላይ ቆሞ ወራቱን ያልፋል፤ ሦስት ቀን ትርፍ አላቸው። ትኬቱ ትንሽ ተወደደ፤ ልጆቹ አጉረመረሙ፤ ከፈሉ።

ይሄን ሁሉ በእጅ መሥራት ለማይፈልግ የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚሠራ የቀን ማስያ አለ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ቀን ትሞላላችሁ፣ ይነግራችኋል። ማንም ለዚህ ገንዘብ ሊቀበላችሁ አይገባም። እኔ እንኳ የማስከፍለው የህትመቱን ብቻ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በመኖሪያ ፈቃድ ወይም በረጅም ጊዜ ቪዛ፣ ለምሳሌ በተማሪነት፣ ሕጋዊ ሆናችሁ የኖራችሁበት ቀን ከ90ው ውስጥ አይቆጠርም።

«ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ማን ያውቃል» የሚለው ተስፋም እየጠፋ ነው። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ፣ በኛ ጥቅምት 2 ቀን 2018፣ የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ የሚባል አዲስ ሥርዓት ሥራ ላይ ውሏል። በስድስት ወር ውስጥ በሁሉም መግቢያዎች እንዲዘረጋ ነው የተወሰነው። በማኅተም ፋንታ ፊታችሁ ይነሳል፣ መግቢያና መውጫችሁ ኮምፒውተር ላይ ይሰፍራል። ቪዛ የማያስፈልጋቸው ሰዎች አሻራም ይሰጣሉ፤ ባለ ቪዛዎች አሻራቸው ቪዛ ሲጠይቁ የተወሰደ ስለሆነ እዚያው አለ። ቀኑን የሚቆጥረው ማሽኑ ነው። ማሽን ደግሞ «እናቴ ናት፣ አንድ ቀን ነው» ቢሉት አይሰማም።

ቀኑን ያሳለፈ ሰው ምን ይሆናል? እንደ አገሩ ይለያያል። ቅጣት ሊከፍል ይችላል። ለተወሰነ ጊዜ እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል። ምንም ሳይባል አልፎ በሚቀጥለው ቪዛ ሲጠይቅ ሊከለከል ይችላል። እኔ ከሁሉም የምፈራው የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ዳነ ብሎ ዓመት ሙሉ ሲያወራ ይከርማል።

ለኛ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤቶች ሌላ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። ምክንያት ያለው ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ላይ የመንግሥት ትብብር በቂ አይደለም የሚል ነው። በውሳኔው መሠረት ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ። ለማመልከቻ መልስ መስጫው መደበኛ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት የምትሄዱ ይሄን አስሉ። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአሻራ መውረድ አለ፤ ፓስፖርት ለመቀበል መውረድ አለ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የምትሄዱም ብትሆኑ ቀጠሮና በረራ አንድ ቀን ላይ አታጣብቁ።

አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ቪዛ ማለት አንድ ጊዜ ከወጣችሁ አለቀ ማለት ነው። 30 ቀን ተፈቅዶላችሁ በ12ኛው ቀን ለንደን ያለ ወንድማችሁን ልጠይቅ ብላችሁ ብትወጡ፣ የእንግሊዝ ቪዛ ቢኖራችሁም፣ የቀረው 18 ቀን ተቃጠለ። ተመልሳችሁ አትገቡም። በአንጻሩ ከጀርመን ጣሊያን፣ ከጣሊያን ፈረንሳይ መሄድ ከሸንገን መውጣት ስላልሆነ ችግር የለውም።

ፎርሙ ላይ ስንት ቀን እንደምትፈልጉ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ሰው «ብዙ ጠይቅ፣ ይቀንሱታል» ይላል። ይሄ የሰኞ ገበያ ዋጋ አይደለም። የመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ 20 ቀን ይላል፣ ፎርሙ 90 ቀን ይላል፣ የጥሪ ደብዳቤው አንድ ወር ይላል። የትኛውን ይመኑ? ደብዳቤው፣ የትኬት ቦታ ማስያዣው፣ ኢንሹራንሱና ፎርሙ አንድ ቀን መናገር አለባቸው። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና የምትቀመጡበትን ቀን ሁሉ የሚይዝ መሆን አለበት። ፓስፖርቱም ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ 6 ዓመት ሞልቶት 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ። ቢከለከሉም አይመለስም።

እዚያ ከደረሱ በኋላ ቀን ማራዘም ይቻላል ወይ የሚለው ሁልጊዜ ይነሳል። ይቻላል፣ ግን በጠባቡ። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር፣ ሰብአዊ ምክንያት፣ ወይም ከባድ የግል ጉዳይ ሲኖር ነው። ሰው ሆስፒታል ቢተኛ የሐኪም ማስረጃ ይዞ ወደ አካባቢው የውጭ ዜጎች ቢሮ መሄድ ነው። የግድ ቀኑ ሳያልቅ። የልጅ ልጅ ናፈቀኝ፣ ብርዱ አልፎ ልሂድ፣ ትኬት ተወደደ የሚባሉት ምክንያት አይሆኑም።

ይሄ ሁሉ የሸንገን ነው። ሌላው አገር በራሱ መንገድ ይሄዳል። እንግሊዝ ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ትሰጣለች፤ እዚያ የቆያችሁት ከሸንገን ጋር አይደመርም። አሜሪካ ደግሞ ጭራሽ የተለየች ናት። በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ አንድ ጊዜ የሚያስገባና ሦስት ወር የሚያገለግል ሆኗል። ይህ ሦስት ወር ግን የመግቢያ ጊዜ ነው። ስንት ቀን እንደምትቀመጡ የሚወስነው አየር ማረፊያ ላይ የሚያስገባችሁ መኮንን ነው። እሱ የሰጣችሁን ቀን አይ 94 የሚባለው መዝገብ ላይ በኢንተርኔት ታገኙታላችሁ። አትሙና ያዙት።

ወደኛ ለሚመጡ እንግዶችም እንዲሁ። የኢትዮጵያ የኢንተርኔት የቱሪስት ቪዛ በ30 እና በ90 ቀን ይሰጣል። የፈረንጅ አማች ወይም ሙሽራ ይዛችሁ የምትመጡ ዲያስፖራዎች፣ እናንተ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ስላላችሁ እሱም እንደናንተ የሚቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስን አይቶ፣ ላሊበላ ደርሶ፣ ሰርግ በልቶ ለመመለስ 30 ቀን ሊበቃ ይችላል። ቆጠራው ግን የናንተ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ስትመለሱ የበረራ ካርዱን፣ ቦርዲንግ ፓሱን ማለቴ ነው፣ አትጣሉት። መውጫችሁ ሳይመዘገብ ወይም ማኅተሙ ሳይነበብ ቢቀር፣ በቀናችሁ መውጣታችሁን የምታስረዱት በሱ ነው። የአንዳንዱ ቀለም በጥቂት ወር ይጠፋል። እቤት ስትደርሱ ፎቶ ኮፒ አድርጉትና ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡት። የቦሌው የመግቢያ ማኅተም ያለበትን ገጽም አብራችሁ ኮፒ አድርጉ።